ለሚመጣው ካርድ የሚሆን ቦታ

ኡሙ መዒን ልጃቸውን ሩላን መዳር ካማራቸው ቆይቷል። ሩላ ግን እስካሁን ሦስት ጠያቂ መልሳለች፤ አንዱን ብዙ ያወራል ብላ፣ አንዱን ምንም አያወራም ብላ፣ ሦስተኛውን ያለ ምክንያት። ዮርዳኖስ ውስጥ፣ ኢርቢድ ከተማ የሂሳብ መምህርት ናት፣ እልኸኛም ናት። ስለዚህ ቀይስ የሚባል መሐንዲስ ከእናቱ ጋር ሊያያት ይመጣል ሲባል ኡሙ መዒን ሳሎኑን ወልውለው ሲጨርሱ እንደገና ወለወሉት።

ያስቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሳሎኑ ጥግ ላይ በወንድ ልጃቸው ስም «የመዒን ጉድ» የሚሉት አዲስ የጌም ኮምፒውተር ተገትሯል። በዚያው ሳምንት የተገጣጠመ ነው፤ ጎኑ መስታወት፣ ውስጡ እንደ ሠርግ አዳራሽ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ። ኢንተርኔቱ በደንብ የሚደርሰው እዚያ ጥግ ብቻ ስለሆነ ማንሳት አይቻልም። ጥልፍ ጨርቅ ጣል አደረጉበት። ጨርቁም አብሮ ማብራት ጀመረ።

ቀይስ ያመጣውን ክናፋ የሚባል ጣፋጭ አስረክቦ ተቀመጠና ጨርቁ ላይ አፈጠጠ። ምን እንደሆነ ጠየቀ። የሩላ ወንድም መዒን ጨርቁን ገለጠለት። ሙሽሪት ያን ጊዜ ተረሳች፤ ቢያንስ ኡሙ መዒን እንደሚሉት።

«ወንድሜ፣ የዘንድሮውን ካርድስ ይይዛል» አለ ቀይስ ጮክ ብሎ። «የሚመጣው ዓመቱ ካርድ ቢመጣስ? ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ እኮ በየጊዜው እየረዘመ ነው።»

መዒን ላብ ላብ አለው። ለእንግዳው ውሃ ላምጣ ብሎ ሩላ ሻይ ወደምታፈላበት ወጥ ቤት ሄደ። ውሃውን ይዞ ሲመለስ እስከ አርባ ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ካርድ ቢመጣ ዘና ብሎ እንደሚገባ አስረዳ።

ቀይስ አልጠገበም። ኃይሉስ ይበቃዋል? መዒን ለውዝ ሊያመጣ ተነሣ። ሲመለስ፣ ፓወር ሰፕላዩ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ሆኖ የተገዛው ለዚሁ እንደሆነ ተናገረ። ካርዱ ከብዶ ቢጎብጥስ? አሁን ደግሞ መዒን ስኳር አለቀ አለ፤ ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ነበር። ሲመለስ፣ ከሥር ደግፎ የሚይዝ ብረት ተገጥሞለታል አለ።

ኡሙ መዒን በልጃቸው እውቀት ኮሩ፣ በእንግዳው ደግሞ ጨሱ። ሚስት ሊያይ የመጣ ሰው ስለ ብረት ይጠይቃል? ሲጠይቅስ እንዲህ ይጮኻል? መዒን አጠገቡ ተቀምጦ የለም እንዴ?

ሩላ ሻዩን ይዛ ገባች። ጣቷ ላይ ፕላስተር ነበር፤ አውልቂው ብትባል እምቢ ብላለች። ቀይስ እሷን አየ፣ ፕላስተሩን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ ፈገግ አለ። ለሰው ሳይሆን ለሳጥን ፈገግ የሚል ሙሽራ ኡሙ መዒን በዕድሜያቸው አላዩም።

በማግስቱ የቀይስ እናት ደወሉ። ኡሙ መዒን እምቢታውን አዘጋጅተው ነበር፤ ለወጉ ያህል ልጅቷን ጠየቁ።

«እሺ በያቸው፣ እማዬ» አለች ሩላ።

«አንቺ ልጅ፣ ዓይን የለሽም? አንድ ቃል እንኳ አልጠየቀሽም እኮ።»

«የጠየቀው ይበቃኛል።»

ከዚያ ወዲያ ኡሙ መዒን እንቅልፍ አጡ። ልጃቸውን በጣም ይወዷታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከማያያት ሰው ጋር አንድ ቤት ስትኖር ማሰቡ ራሱ ያስለቅሳቸዋል። ባላቸው አቡ መዒን ተዪው እያሉ ያዛጋሉ። በመጨረሻ ኡሙ መዒን ቀይስን ሊፈትኑት ቆረጡ። ሼኩ ኒካሁን፣ የጋብቻ ውሉን፣ በሚያስሩበት ቀን ጠዋት ጎረቤት አስተባብረው ኮምፒውተሩን ወደ ላይኛው ፎቅ አስወጡት። ልጄን ብሎ የመጣ ከሆነ መጉደሉን ልብ አይልም፤ ሳጥኑን ብሎ የመጣ ከሆነ ግን ሼኩ ፊት ይጋለጣል።

ቀይስ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጥጉን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የት ሄደ?» አለ።

ከሴቶቹ መሃል የተቀመጠችው ሩላም ቀና ብላ ባዶውን ጥግ ስታይ ክው አለች። ኡሙ መዒን ልጄ ገና አሁን ገባት፣ በሰው ፊት ተዋረደች ብለው ከንፈራቸውን ነከሱ። ከቤተሰቡ ተረጋግቶ ክናፋውን የሚበላው መዒን ብቻ ነበር።

ሼኩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ መህሩ፣ ባል ለሚስቱ ወደሚሰጠው ጥሎሽ፣ ገቡ። አሁን በእጅ የሚሰጠው ወርቅ ስምምነት ተደርሶበታል። የቀረው የኋለኛው መህር፣ ባል ሚስቱን ቢፈታ የሚከፍላት ነበር። አቡ መዒን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሩላ እጇን አነሣች። ኡሙ መዒን ልጄ ልትተወው ነው ብለው በሆዳቸው አላህን አመሰገኑ።

«የኋለኛው መህር፣ ከፈታኝ በዚያ ዓመት የወጣው ትልቁ ግራፊክስ ካርድ ይሁንልኝ» አለች ሩላ፤ «ኮምፒውተሩን ስገጣጥመው ቦታውን ትቼለታለሁ።»