«ማን በላህ?» አሉት ከጌም ቤቱ ደጃፍ

«አውልቀው! ሰውመሆን፣ አውልቀው ነው የምልህ!»

የሚጮኸው የጌም ቤቱ ባለቤት ባምላክ ነው።

ወጣቱ ሰውመሆን ግን የት ሰምቶ...

ዐይኑ ላይ የታሰረው፣ ጌሙ ውስጥ የገቡ የሚያስመስለው ቪአር መነጽር ወረታ ከተማን ጨርሶ አስረስቶታል። አሁን ያለው አንድ ጨለማ ቤት ውስጥ ነው። ፊት የሌላት ሴት ከኋላው እየተከተለችው ነው... በር ሲከፍት ሌላ በር፣ ዞር ሲል እሷ!

እግሩ ቆሟል፤ ዐይኑ ግን ይሮጣል። ሆዱ ማንን እንደሚያምን ግራ ገብቶት ይገለባበጣል።

ባምላክ ገና ሲያስርለት ነግሮት ነበር።

«ይኼ አስፈሪ ጌም ነው፤ ጀማሪን ያዞራል። ቁጭ ብለህ ተጫወት። ሲያቅለሸልሽህ ወዲያው አውልቅ። ትንሽ ትንሽ እያልክ ነው የሚለመደው።»

«እኔን?» ብሎ ሳቀ ሰውመሆን። «የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ልጅ እኮ ነኝ! በክረምት ጎርፍ ለጎርፍ ከብት የማሻግር ሰው መነጽር ያዞረኛል?»

ይኼን ፉከራ ጓደኞቹ ሁሉ ሰምተዋል። ስለዚህ ማውለቅ ሞት ሆነበት። ኩራት ክፉ ነው ወገን...

ፊት የሌላት ሴት አንገቱን ስትይዘው ግን «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸና መነጽሩን ከፊቱ ላይ ነጥቆ ጣለ። እየተንገዳገደ ወጣ... በረንዳው ላይ ተዘረረና ቁርሱን ሁሉ አስታወከ።

በረንዳው ላይ እትየ ማናዬ የሚባሉ እናት ሸክላ ይሸጡ ነበር። በገበያ ቀን ሁልጊዜ ድስትና ማድጋቸውን ዘርግተው ከዚያው ደጃፍ አይጠፉም።

ሮጠው ደገፉት። ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ያዙለት።

«አይዞህ የኔ ልጅ... አትነሣ። መሬቱ እስኪረጋልህ ቁጭ በል።»

ልክ በዚህ ጊዜ አጎቱ ገሰሰ ሩዝ ሊያስፈለፍል ከሄደበት ወፍጮ ቤት ተመለሰ።

ያየው ይኼን ነው... የወንድሙ ልጅ መሬት ላይ ወድቆ ያቃስታል። የሸክላ ሠሪ እጅ ግንባሩ ላይ ነው።

በቃ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

«በላችው! ልጄን በላችው!»

የእኛን ነገር ታውቁት የለም? ድስቷን ገዝተን ወጥ እንሠራበታለን... እሷን ግን ቡዳ እንላለን።

ሰው ግር ብሎ መጣ። የባጃጅ ሹፌሩ ባጃጁን አቁሞ፣ ዶሮ ሻጩ ዶሮውን አንጠልጥሎ... አንዱ አሮጌ ጫማ አቃጥሎ ጭሱን አፍንጫው ሥር ደቀነበት። ለሚያጥወለውለው ሰው የጫማ ጭስ!

«ማን በላህ? ተናገር!»

ሰውመሆን እውነቱን ያውቃል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ሴትዮዋ ይድናሉ። ግን ጓደኞቹ ቆመው ያዩታል... ጎርፍ አልፈራም ያለው ጀግና በጌም ታመመ ሊባል ነው።

ዝም አለ።

ሕዝቡም ዝምታውን እንደ ምስክርነት ቆጠረው። አንዱ የእትየ ማናዬን ድስት ረግጦ ሰበረ። ሌላው ዱላ አነሣ።

ያን ጊዜ ሰውመሆን በራሱ አፈረ።

«ማንም አልበላኝም!» ብሎ ጮኸ። «መነጽሩ ነው ያዞረኝ! እኝህ እናትማ የደገፉኝ ናቸው!»

«ሰማችሁ?» አለ ገሰሰ። «እሷው ናት በሱ አፍ የምትለፈልፍ!»

ምን ይባላል እንግዲህ...

ከመሃል ደግሞ አንዱ ተነሣና «መነጽሩም ቢሆን የሰይጣን ነው! ከነቤቱ ማቃጠል ነው!» አለ። ዱላ የያዙት ሁሉ ወደ ጌም ቤቱ በር ዞሩ።

ድስታቸው ሲሰበር ቃል ያልወጣቸው እትየ ማናዬ ይኼን ሲሰሙ ተነሥተው ቆሙ።

«ቆዩ! ቤቱን ተዉት... እኔ ነኝ።»

ዱላ የያዙት ወደ እሳቸው ዞሩ።

«እኔ ነኝ የበላሁት። እንትፍ ልበልበትና ይዳን። ቤቱን ብቻ አትንኩ።»

ሰውመሆን ጆሮውን ማመን አቃተው። በቡዳ የተጠረጠረ ሰው እንትፍ ካለ እኮ አመነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወረታ ላይ ማን ድስት ይገዛቸዋል? ማንስ ደጁን ያስረግጣቸዋል? ለሰው ጌም ቤት ብለው ይኼን ሁሉ?

ሊተፉ ጎንበስ አሉ...

«እማዬ! አትትፊ!»

ሰው ሁሉ ዞረ።

ባምላክ ነው።

«የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» ሲል የኖረው ባምላክ... የወረታ ወጣት አለባበሱን የሚቀዳለት ሽቅርቅሩ ባምላክ... በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

«እናቴ ናት!» አለ። «ሸክላ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ደጄ ላይ የምትቀመጠውም ዐይኔን ልታይ ነው። ሰው ፊት ሰላም እንዳትለኝ የለመንኳት... እኔ ነኝ!»

እትየ ማናዬ አልተቆጡም። ልጃቸውን አቅፈው «ምነው ልጄ፣ ምነው ተናገርህ?» አሉት። «ከእንግዲህ ማን ይመጣልሃል?»

ገሰሰ ዱላውን ጣለና ይቅርታ እንኳ ሳይል ሩዙን ፍለጋ ሄደ። ሰዉም አንድ በአንድ ተበተነ... ከጓደኞቹም የቀረ የለም።

ሰውመሆን ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። አሁንም ያዞረዋል።

«እኔ እመጣለሁ፣ እናቴ» አላቸው።

ጌም ቤቱ ገብቶም ባምላክ ቀድሞ እንደመከረው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

...

ወዳጆቼ፣ ሰውመሆን እውነቱን እያወቀ ለኩራቱ ሲል ዝም ባለባት በዚያች ቅጽበት ዱላ ተነሥቷል። እናት ደግሞ የካዳትን ልጅ ለማትረፍ ስሟን ልትሰጥ ነበር። በእጇ ሠርታ የምታበላንን ሰው ቡዳ ማለት ነውር ነው! በእናት ማፈር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

እስቲ ከልባችሁ ንገሩኝ... እናንተ በባምላክ ቦታ ብትሆኑ፣ እንጀራችሁን እንደሚያሳጣችሁ እያወቃችሁ ያን ሁሉ ሰው ፊት «እናቴ ናት» ትሉ ነበር?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ግን እውነቱን! 👇