እንኳን ለቤታችሁ ልደት አደረሳችሁ

የቤት ደላላዋ ሮዌና ስልኳ ላይ የደዋይዋን ስም ስታይ ክው አለች። ኮምፒውተሩ በየወሩ ለደንበኞቿ በኢሜይል የሚበትነው ጋዜጣ ጠዋት፣ ባልና ሚስቱ በእሷ በኩል ቤት የገዙበትን ቀን ቆጥሮ፣ «ውድ ኦሪንና ማርሊስ፣ እንኳን ለቤታችሁ ልደት አደረሳችሁ!» ብሎ ሄዷል። ባልየውን ኦሪንን ግን ከጥቂት ወራት በፊት፣ የሐይቁ በረዶ ሳይቀልጥ ቀብረዋቸዋል፤ ሮዌናም ቀብሩ ላይ ነበረች።

«እማማ ማርሊስ፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው የሠራሁት! አሁኑኑ ስማቸውን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ» አለች ስልኩን አንስታ፤ ጣቷ የኮምፒውተሩ ማጥፊያ ቁልፍ ላይ ደርሷል።

«ተይ እንጂ ልጄ!» አሉ አሮጊቷ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ጋዜጣሽን አንብቤው አላውቅም። ያነበው የነበረው እሱ ነው።» ከዚያም ቀጠሉ፦ «ባንኩ ስሙን አወጣው፤ መብራቱም፣ ውሃውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም አወጡት። ስሙን ከስሜ ጋር የሚጽፍልኝ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ።»

ሮዌና ጣቷን ቀስ ብላ አነሳች።