ይሉኝታ ያሰራት አጥቂ

ማዕረግ ኳሱን እያነጠረች ቅርጫቱ ሥር ደረሰችና፣ ከፊቷ ማንም ሳይኖር መልሳ ለጓደኛዋ ሰጠችው።

እናቷ ጥሩሸዋ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጫነች። “አሟታል” አለች አጠገቧ ለተቀመጠችው ጎረቤቷ ለወለተ ኢየሱስ። “ብዬ ነበር። ወይ ጣቷ ወልቋል፣ ወይ መንገድ ላይ በርዷታል።”

ወለተ ኢየሱስ ልጅቷ ከሁሉም በልጣ እየሮጠች መሆኑን አሳየቻት። ጥሩሸዋ ግን ክፉውን አስቀድማ ካላሰበች ደጉ የሚመጣ የማይመስላት ሴት ናት። የስፖርት አስተማሪው ጋሽ ይታየው ማዕረግን ለመሐል ሜዳ ከተማ ታዳጊ ቡድን ሲመርጣት፣ ወድቃ ጥርሷ ይረግፋል ብላ ነበር። ጥርሷ አልረገፈም። ለዞን ውድድር ደብረ ብርሃን ስትሄድ ሚኒባሱ ይገለበጣል ብላ ለማርያም ተሳለች፤ ልጅቷ ዋንጫ ታቅፋ መጣች። አንድ ኮሌጅ ለትምህርቱም ለቡድኑም ሲቀበላት ደግሞ፣ በወሩ ይመልሷታል ብላ አልጋዋን እንደተነጠፈ አቆየችላት። ይኸው አልመለሷትም።

አሁን የመለሳት ጨዋታ ነው። ኮሌጁ የገናን ሰሞን አስታኮ ቡድኑን መሐል ሜዳ አምጥቷል። ተጋጣሚው ማዕረግን ያሳደገው የከተማው ቡድን ነው። ማዕረግ ጠዋት ቤት ብቅ ብላ ለእናቷ እንደነገረቻት፣ ባሕር ዳር ለውድድር ሄደው ለኮሌጁ የሚሰለፉትን አሰልጣኙ የሚለየው ዛሬ አይቶ ነው። በእሷ ቦታ የምትጫወት ሌላ ልጅ ደግሞ የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያፍታታች ነው።

የትምህርት ቤቱን ሜዳ ከቦ የቆመው ሕዝብ የበግ ጠጉር ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ማዕረግ ኳሱን ዳግመኛ ስትመልስ፣ የሚኒባስ ረዳቱ ወዳጆ አንድ እጁን ከባናው አውጥቶ አዜመ።

“አስተምሩልን ብለን ብንልካት ኮሌጅ፣
ኳስ የምትፈራ መጣች አሉ ልጅ።”

ሕዝቡ በሳቅ እያጨበጨበ ተቀበለው። በገና ሰሞን ሜዳ ላይ በግጥም መሰዳደብ የቆየ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ጥሩሸዋም አልተቀየመችም። የልጇን ዓይን ነበር የምትከተለው። ማዕረግ ኳስ በያዘች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ቅርጫቱን አልነበረም። የምታየው የምትከላከላትን የድሮ የክፍል ጓደኛዋን መሲን ነው፤ ከዚያ ዳር የቆመውን ጋሽ ይታየውን። ከዚያ ኳሱን ትሰጣለች። ሰው ቤት ገብቶ፣ ሆዱ እየጮኸ፣ “ኧረ በቃኝ፣ በሞቴ” እንደሚል እንግዳ።

አላመማትም። አፍራ ነው።

እረፍት ሲሆን ጋሽ ይታየው ሰላም ሊላት መጣ። ጥሩሸዋ ሰላምታውን ሳትጨርስ ልጇ እሱን አፍራ እንደሆነ ነግራው፣ እባክዎ አንድ ቃል ይበሏት ብላ ለመነችው።

“አውቃለሁ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ግን እኔ የእነዚህ አሰልጣኝ ነኝ። እሷን አይዞሽ ካልኩ እነሱን ምን ልላቸው ነው? አንቺ ንገሪያት።”

“በሰው መሃል ምን ብዬ?”

“የገና ሰሞን አይደል እንዴ?” ብሏት ወደ ልጆቹ ሄደ።

ጨዋታው ዳግም ሲጀመር የኮሌጁ አሰልጣኝ ለተጠባባቂዋ ምልክት ሰጣት። ልጅቷ ጃኬቷን ማውለቅ ጀመረች። ጥሩሸዋ በሐሳቧ ያየችው የልጇን ሻንጣ ነው፤ ባሕር ዳር ሳይሄድ የቀረ ሻንጣ። የዕድር ስብሰባ ላይ እንኳ እጇን አውጥታ የማታውቅ ሴት፣ እንዴት ተነሥታ እንዳዜመች ራሷም አላወቀችም።

“ማዕረግ ኳስ ስትይዝ አገር ተንቀጥቅጦ፣
ብርዱ ነው ይለናል ባና ውስጥ ተሸጉጦ።”

ወዳጆ ባናውን ከላዩ ወርውሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ግጥሙን ተቀብሎ ያስጨበጨበውም እሱ ራሱ ነው። የተሰደበው ሁሉ ከእናትየው ጋር ሆኖ ራሱን ይሰድብ ጀመር። ወለተ ኢየሱስ የጥሩሸዋን ቀሚስ እየጎተተች፣ አንቺ ሴት አበድሽ እንዴ ትላታለች።

ማዕረግ ኳሱን እንደያዘች ዞር ብላ እናቷን አየች። መሲ ከፊቷ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ እየሳቀች ነው።

“እናትሽ እንዲህ ሰድባን” አለቻት፣ ዳር ድረስ እየተሰማ፣ “አንቺ ልትምሪን ነው?”

ማዕረግ ጥርሷን ብልጭ አደረገች። በግራ የምትሄድ መስላ በቀኝ አለፈቻትና ዘለለች። ኳሱ የቅርጫቱን ብረት ሳይነካ ገባ። በሚቀጥለውም ኳሱን ለማንም አልሰጠችም። በሦስተኛው መሲ ቀሚስ የለበሰች ይመስል ባለችበት ተተክላ ቀረች፤ ጋሽ ይታየው ቡድኑ እየተቆጠረበት ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይደብቃል።

የኮሌጁ አሰልጣኝ ለተጠባባቂዋ እጁን አወዛወዘ፤ ልጅቷ ጃኬቷን መልሳ ለበሰች።

ማዕረግ ለመከላከል ወደ ኋላ ስትሮጥ በእናቷ ፊት አለፈች። ፊቷ በላብና በሳቅ ቀልቷል። በቃ፣ አሳፈርሽኝ እንደማለት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለቻት።

ጥሩሸዋ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ሁለተኛውን ግጥም ጀምራ ነበር።