ደፍ ላይ የተነሰነሰ በሶ

ላክዪ ከተሳላሚዎቹ ጋር ገዳማቱን ሁሉ የዞረችው፣ ሟች ባሏ ናምግያል ወደ ቀጣዩ ሕይወቱ መንገዱ እንዲቀናለት ነበር። ጸሎቱ የሚያበቃው በዚህ በመጨረሻው ገዳም ነው። ዛሬ ተሰናብቷት ከሄደ እሷም ቤቷ ትገባለች።

ሲመሽ መሪያቸው፣ የባሏ ወንድም ጼዋንግ፣ እሷ ብቻዋን በምታድርበት ክፍል ደፍ ላይ በሶ ነሰነሰ። ሟች ሲወጣ በበሶው ላይ የሚተወው ዳና ዳግም ምን ሆኖ እንደሚወለድ ይመሰክራል።

«የወፍ ዳና ከሆነ ደግ ነው» አላት። «ወንድሜ ግን ወፍም ሆኖ ማነከሱን አይተውም።»

ሳቀች። ናምግያል ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ጠዋት ጼዋንግ ከውጭ ሆኖ ጠራት። «እህቴ፣ እንዳትረግጪው። መጀመሪያ ልየው።»

ጎንበስ ብሎ ቆየ። እሷም ከውስጥ ዱቄቱን አየችው። የሰው ዳና ነው፤ ቀኝ እግሩ ዱቄቱን እየጎተተ አልፏል። ጣቶቹ ወደ እሷ ዞረዋል።

«የሚወጣውስ ዳና?» አለችው።

«የለም።»

«እንግዲያው እኔ ልውጣ፣ ጼዋንግ።»

«ሥርዓቱን ታውቂው የለ? እሱ ሳይወጣ በሶው ከተረገጠ መንገዱ ለዘላለም ይጠፋበታል።» ቀና ብሎ አላያትም። «እኛ ሸለቆውን ዞረን በዚሁ እንመለሳለን።»

ተሳላሚዎቹ ጓዛቸውን ሲያነሱ ሰማች። ጼዋንግ ዱቄቱን ሳይነካ ሁለት ዋንጫ የቅቤ ሻይ አሻግሮ አስቀመጠላት።

«ሁለት ምን ይሠራልኛል?» አለችው።

ከኋላዋ አንድ እግር ወለሉን እየጎተተ ወደ ሻዩ ቀረበ።