መታጠፊያው ላይ የተገተረው

ለኃይል ማመንጫው የነደፈችው ቧንቧ የኢንጂነሯን አንጀት ሲያሳርረው ዋለ። ኮምፒውተሩ ላይ በሳለችው ቧንቧ ውስጥ የሙከራ ውሃ በለቀቀች ቁጥር፣ ፍሰቱ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ያልፋል፤ መሀል ላይ የሆነ ነገር የተገተረ ይመስል። መታጠፊያውን አሰፋችው፣ አጠበበችው፣ እንደገና ሳለችው። ወይ ፍንክች!

ለአለቃዋ ደወለች። «ጋሼ፣ ውሃው የሆነ ነገር እየሸሸ ነው።»

«ባዶ ቧንቧ አይደል እንዴ የሳልሽው? ምኑን ይሸሻል? ይልቅ ሻይሽን ጠጪና ተረጋጊ።»

ስልኩን ዘግታ መታጠፊያውን ከነጭራሹ ሰረዘችው። «እስቲ የተገተረው ነገር አሁን የት አባቱ እንደሚገባ አያለሁ!»

ውሃው ቀጥ ብሎ ፈሰሰ። እፎይ ብላ ወደ ሻይዋ ጎንበስ አለች። ከብርጭቆው የተነሳው እንፋሎት ወደ ፊቷ መጣና፣ ሳይደርስባት ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኟ አለፈ።