ሐምራዊው ሹራብ

እናቷና የወንድሟ ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲገቡ፣ የሽያጩ አስተባባሪ ማይክራፎኑን ጨበጥ አደረገች። ለቤተ መጻሕፍቱ ማሠሪያ ከተለገሱት ያገለገሉ ልብሶች መሀል፣ እናቷ ጣታቸው እያበጠ ሠርተው ለወንድሟ ሚስት የሰጡትን ሐምራዊ ሹራብ ጠዋት ስታገኝ ደሟ ፈልቶ ነበር። እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ፊት ለፊት ሰቅላው የወንድሟን ሚስት ስትጠብቅ አረፈደች። የለጋሽ ስም እየተጠራ ይመሰገን የለ? እሷም ታመሰግናታለች!

«ይህን የሰጠችን የወንድሜ ባለቤት ናት» አለች፣ አፏ ማር፣ ሆዷ ሬት ሆኖ። «አማቷ በእጃቸው ሠርተው የሰጧትን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትለብሰው! አጨብጭቡላት እንጂ!»

አንድም ሰው አላጨበጨበም። የወንድሟ ሚስት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። የአስተባባሪዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

እናቷ ዝግ ብለው መጡና እጅጌውን ዳሰሱት። «ውይ ልጄ፣ ይሄንንማ ላንቺ ነበር የሠራሁት» አሉ፣ ማይክራፎኑ እንደተከፈተ። «ቀለሙ ያስረጀኛል ብለሽ ስትመልሽልኝ ለሷ ሰጠኋት። ምን ታድርግ፣ ጠበባት።» ከመስቀያው አውርደው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የልጃቸው ትከሻ ላይ ለኩት። ልክክ አለ።

ከኋላ ጭብጨባ ተሰማ። የምታጨበጭበው የወንድሟ ሚስት ብቻ ነበረች።