እስከ ድምፅ መስጫው ቀን

በሎንዶን ምክር ቤት ስለ አንድ በሽታ መናገር የፈለገ እንደራሴ አምባር ያስራል፤ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስም የበሽታው ሕመም በራሱ ገላ ላይ ይሰማዋል። ሕጉ ሲወጣ «የማያውቁትን እንዳያወሩ ነው» ተብሎ ነበር። አሁን ስለ ጤና ደፍሮ አፉን የሚከፍት ጠፍቷል።

ዊኒፍሬድ ሃርግሪቭ ግን እምቢ አለች። የጉልበት ሕሙማን ክሊኒኮችን የሚዘጋ ረቂቅ ሲቀርብ አምባሩን አሰረች። ከዚያ ወዲህ ደረጃ መውጣት ስላቃታት ባሏ ሴድሪክ አልጋቸውን አውርዶ ሳሎን ዘረጋው።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ጠዋት ሴድሪክ የጫማዋን ክር እያሰረላት፣ «ዛሬ ማታ ፎቅ ላይ ነው የምንተኛው» አላት። አልጋውን የሚፈታበት መፍቻ ሳይቀር አዘጋጅቷል።

ምክር ቤት ገብታ ወንበሮቹን ስትቃኝ የረቂቁ ደጋፊዎች እንደሚበዙ ገባት፤ ዛሬ ድምፅ ከተሰጠ ረቂቁ ያልፋል። አምባር ያሰረ ሰው ድምፅ መስጫውን የማስተላለፍ መብት አለው፤ እስካሁን ግን የጠየቀ አልነበረም። የፊቷን ወንበር ተደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ተነሳች።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ድምፅ መስጫው ለሚመጣው ወር ይተላለፍ። ሕሙማኑ ራሳቸው መጥተው ይናገሩ።»

«ሕመሙም አብሮ እንደሚራዘም ያውቃሉ?»

«ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ! እነሱ የሚያወልቁት አምባር የላቸውም።»

ከአዳራሹ ወጥታ ቤት ደወለች።

«አልጋውን እስከ ግማሽ ድረስ ፈትቼዋለሁ» አላት ሴድሪክ እያለከለከ፣ ደስ ብሎት።

«መልሰህ ግጠመው» አለችው።